በረዶ ብርቅ በሆነባቸው አካባቢዎች የሚደርስ ውሽንፍር እና የዝግጁነት ጥያቄ

በረዶ ሲባል በአገራችን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በክረምት ከዝናብ ጋር የሚወርደውንና ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚቀልጠውን ጠጣር በረዶ ነው። በሌሎች የዓለም ክፍሎች ግን በብርድ ወራት እንደ ተባዘተ ጥጥ እየበነነ የሚወርድና መሬቱን ለቀናት ሸፍኖ የሚቆይ በረዶ አለ። ይህን መሰሉ በረዶ በየዓመቱ በሚጥልባቸው የሰሜን አሜሪካና የሰሜን አውሮፓ ከተሞች መንገዱ ይጠረጋል፣ ቤቱ ይሞቃል፣ ሥራውም ከሞላ ጎደል ሳይስተጓጎል ይቀጥላል። ችግሩ የሚከፋው በረዶው ከዓመታት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ በሚልባቸው ሞቃታማ አካባቢዎች ነው።

ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። በሞቃታማ አካባቢዎች የሚሠሩ ቤቶች ሙቀትን ለመከላከል እንጂ ሙቀትን አምቆ ለማቆየት የታቀዱ አይደሉም። የውኃ ቧንቧዎች በጣሪያ ሥርና በውጭ ግድግዳ በኩል ይዘረጋሉ። ከተሞቹ በረዶ የሚጠርጉ ተሽከርካሪዎችና የጨው ክምችት በብዛት አይኖራቸውም። አሽከርካሪዎችም በሚያንሸራትት መንገድ ላይ የመንዳት ልምድ የላቸውም። ለአሥር ዓመት አንድ ቀን ብቻ ለሚያገለግል መሣሪያ ከፍተኛ በጀት መመደብ የማያዋጣ በመሆኑ፣ የነዚህ አካባቢዎች ዋነኛ መከላከያ ከመሣሪያ ይልቅ ወቅቱን የጠበቀ አስተዳደራዊ ውሳኔ ነው።

በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው የአትላንታ፣ የዳላስና የሂዩስተን ከተሞች የሚገኙበት የዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው።

እ.አ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2014 በጆርጂያ ግዛት ርዕሰ ከተማ በአትላንታ የወረደው በረዶ ውፍረት ከ7 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነበር። የአየር ትንበያ አገልግሎቱ ማስጠንቀቂያውን ያወጣው በዚያው ዕለት ገና ከመንጋቱ በፊት ቢሆንም፣ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች በማለዳ እንደ ወትሮው ተከፈቱ። በረዶው መውረድ ሲጀምር በቀትር አካባቢ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የግል ድርጅቶችና ትምህርት ቤቶች ሠራተኞቻቸውንና ተማሪዎቻቸውን በተመሳሳይ ሰዓት ለቀቁ። በዚህም የተነሳ መንገዶቹ በአንድ ጊዜ በተሽከርካሪ ተጨናነቁ፤ ጨውና አሸዋ የሚበትኑ መኪናዎችም በመካከሉ ታግተው ሥራቸውን ማከናወን ተሳናቸው። በርካታ ሰዎች ሌሊቱን በመኪናቸው ውስጥ አሳለፉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር በየትምህርት ቤታቸው አደሩ። አንዳንድ መደብሮችና አብያተ ክርስቲያናት በራቸውን ለተቸገሩት ከፍተው አስተናግደዋል።

የወቅቱ የግዛቲቱ አገረ ገዥ ናታን ዲል በኋላ ለሕዝቡ ይቅርታ መጠየቃቸው ይታወቃል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ውሽንፍር ወደ አካባቢው ሲቃረብ ግን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በረዶው ከመድረሱ በፊት ታወጀ፤ ሠራተኞችና ተማሪዎችም ከቤታቸው እንዳይወጡ ተደረገ። በዚህም ምክንያት በፌብሩዋሪ 12 ቀን በረዶውና ግግሩ ሲወርድ የአትላንታ አውራ ጎዳናዎች ባዶ ነበሩ ለማለት ይቻላል። በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ ከተማዋ አዲስ የበረዶ መጥረጊያ ሠራዊት አላደራጀችም፤ የተለወጠው ውሳኔው የተሰጠበት ሰዓት ነበር።

ከሰባት ዓመት በኋላ በቴክሳስ የደረሰው አደጋ እጅግ የከፋ ሲሆን፣ ከመንገድ ይልቅ የተነካው የኤሌክትሪክ ኃይል አቅርቦት ነበር። እ.አ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 አጋማሽ በግዛቲቱ ላይ የወረደው ቅዝቃዜ በዳላስ አካባቢ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የደረሰ ሲሆን፣ ይህም ከ1949 ወዲህ ያልታየ ነበር። ሕዝቡ ቤቱን ለማሞቅ የሚጠቀመው ኃይል በአንድ ጊዜ ሲያሻቅብ፣ የማመንጫዎቹ መሣሪያዎችና የተፈጥሮ ጋዝ ጉድጓዶች በብርዱ መሥራት አቆሙ።

የግዛቲቱ የኃይል ሥርዓት አስተዳዳሪ ኤርኮት በፌብሩዋሪ 15 ቀን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ኃይል እንዲቋረጥ ትዕዛዝ ሰጠ። የኃይል ሥርዓቱ መደበኛ ፍሪኩዌንሲ 60 ኸርዝ ሲሆን በዚያች ሌሊት ከ59 ነጥብ 4 በታች ወርዶ ለ4 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ቆይቷል። ይህ ሁኔታ እስከ 9 ደቂቃ ቢዘልቅ ኖሮ ማመንጫዎቹ ራሳቸውን ከጉዳት ለመጠበቅ ተራ በተራ ከመሥመር ይወጡና ሥርዓቱ በጠቅላላ ሊጨልም ይችል ነበር። መልሶ ለማስነሳትም ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችል ባለሙያዎች ገልጸዋል።

ሥርዓቱ ከውድቀት ቢድንም ለሕዝቡ የደረሰው ግን የታሰበው የኃይል ፈረቃ አልነበረም። እጥረቱ እስከ 20 ሺህ ሜጋ ዋት በመድረሱና ሆስፒታሎችን ለመሳሰሉ ተቋማት ኃይል የሚያደርሱ መሥመሮች መቋረጥ ስለሌለባቸው፣ ተራ የሚያዞሩበት ትርፍ መሥመር ታጣ። በመሆኑም ኃይል የተቋረጠባቸው ሠፈሮች ለቀናት በጨለማ ሲቆዩ፣ ሌሎች ሠፈሮች አንድም ጊዜ አልጨለሙም። በዚህ ሂደት ከ4 ነጥብ 5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ኃይል አጥተዋል። አንዳንድ የጋዝ ማቀነባበሪያ ተቋማት በቅድሚያ ተጠባቂ ዝርዝር ውስጥ ባለመመዝገባቸው ኃይል ተቋረጠባቸው፤ ጋዙ ሲቀንስ ደግሞ በጋዝ የሚሠሩ ማመንጫዎች ይበልጥ ተዳከሙ። የውኃ ማጣሪያዎች በመቆማቸውና የየቤቱ ቧንቧ በመፈንዳቱ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የውኃ ችግር አጋጥሞታል።

የግዛቲቱ የጤና መሥሪያ ቤት ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት በአደጋው የሞቱት ሰዎች ቁጥር 246 ነው። ከነዚህ ውስጥ 161ዱ ለከፋ ብርድ በመጋለጣቸው የሞቱ ሲሆን፣ 19ኙን የገደለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዘኛ ጋዝ ነው። ይህ ሽታም ሆነ ቀለም የሌለው ጋዝ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ከሚነሳ መኪና፣ ከጄነሬተርና ከከሰል ይወጣል። በሂዩስተን በዚሁ ምክንያት ሕይወታቸውን ካጡት መካከል ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት በአገራችንም ሕይወት የሚቀጥፍ መሆኑ ሲታሰብ፣ በብርድ ወቅት ለሕዝብ የሚተላለፍ ማንኛውም መልዕክት ይህን ማስጠንቀቂያ ማስቀደም እንደሚኖርበት ግልጽ ነው።

የቴክሳስ አደጋ ያልታወቀ አደጋ አልነበረም። እ.አ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 በዚያው ግዛት ተመሳሳይ ቅዝቃዜ የኃይል መቆራረጥ አስከትሎ ነበር። የፌዴራሉ የኃይል ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ከሰሜን አሜሪካ የኤሌክትሪክ አስተማማኝነት ተቋም ጋር በዚያው ዓመት ባካሄደው ጥናት፣ ማመንጫዎችና የጋዝ ተቋማት መሣሪያዎቻቸውን ከብርድ እንዲከላከሉ አሳስቧል። ማሳሰቢያው አስገዳጅ ባለመሆኑ በርካታዎቹ ሥራ ላይ ሳያውሉት ቀርተዋል።

በግዛቲቱ ምዕራባዊ ጫፍ የምትገኘው ኤል ፓሶ በዚህ ረገድ የተለየች ናት። በ2011 ከፍተኛ ጉዳት የደረሰበት የከተማዋ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ማመንጫዎቹን ከዜሮ በታች 23 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ብርድ እንዲቋቋሙ አድርጎ አሠራ፤ ከጋዝ ሌላ በመጠባበቂያ ነዳጅ የሚሠራ ማመንጫም አቋቋመ። ከዚህም በላይ ከተማዋ በኤርኮት ሥር ባለመሆኗ ከምዕራብ ግዛቶች ጋር የተሳሰረ መሥመር አላት። በ2021 ሌላው የቴክሳስ ክፍል ሲጨልም በኤል ፓሶ ኃይል የተቋረጠባቸው ደንበኞች ጥቂት ሺህ ብቻ ነበሩ፤ ለእነርሱም የተቋረጠው ለአጭር ጊዜ ነበር።

ቴክሳስ በሰኔ ወር 2021 ባጸደቀችው ሕግ ማመንጫዎች መሣሪያዎቻቸውን ከብርድ እንዲከላከሉ አስገድዳለች፤ በማያከብሩት ላይ ለአንድ ጥፋት በቀን እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ቅጣት ደንግጋለች፤ ቁጥጥርም ይካሄዳል። እ.አ.አ. በዲሴምበር 2022 ከባድ ቅዝቃዜ ሲመለስ በቴኔሲና በካሮላይና አካባቢ የሚገኙ ኩባንያዎች ኃይል በፈረቃ ለማቋረጥ ሲገደዱ፣ የኤርኮት ሥርዓት እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ሳያስፈልገው ማለፍ ችሏል።

በጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ደግሞ በኒው ኦርሊንስ አውሮፕላን ማረፊያ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ በረዶ ወርዷል። ከዚያ ቀደም በ1963 የተመዘገበው የአውሮፕላን ማረፊያው ከፍተኛ መጠን 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። የሉዊዚያና ባለሥልጣናት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አስቀድመው አውጀው፣ ትምህርት ቤቶችንና መሥሪያ ቤቶችን ዘግተው፣ ዋናውን አውራ ጎዳና ከትራፊክ ነፃ አድርገው ስለነበር፣ በአትላንታ የታየው ዓይነት የመንገድ ላይ እገታ አልተደገመም።

ከነዚህ ተሞክሮዎች በግልጽ የሚታየው፣ ብርቅ ለሆነ አደጋ መዘጋጀት የግድ ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ አለመሆኑ ነው። ሠራተኛን በአንድ ሰዓት ከመልቀቅ ይልቅ ቀድሞ ከቤት እንዳይወጣ ማድረግ፣ ኃይል የማይቋረጥባቸውን ተቋማት ዝርዝር በየጊዜው ማጣራት፣ ኃይል ያላቸውን አዳራሾች ለአረጋውያንና ለሕሙማን ማሞቂያነት አስቀድሞ መለየት በአብዛኛው በወረቀትና በስብሰባ የሚፈጸሙ ተግባራት ናቸው። አስቸጋሪው ጉዳይ አደጋው ካለፈ በኋላ የሚከተሉት ረጅም ሞቃት ዓመታት ናቸው። የ2011ዱ ጥናት ከመደርደሪያ ላይ ሆኖ አሥር ዓመት የጠበቀው በነዚያ ሞቃት ዓመታት ነበር።