«ሰብስቲትዩት» ማንን አስገብቶ ማንን ያስወጣል?

ዛሬ በዚህች አምድ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ግሥ እንነጋገራለን። ተራ ነገር ትመስላለች፤ ስትገለበጥ ግን ሐሳቡን ሁሉ ይዛ ትገለበጣለች።

ከመካከላችን አንዱ ለማስተማር ልምምድ ወጥቶ «2 ጊዜ ኤክስ ሲደመር 4» የሚል የሒሳብ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ከሥሩም «ሰብስቲትዩት ኤክስ ፎር 3» ሲል አከለ። በኤክስ ፈንታ 3ን አስገቡ ማለቱ ነበር። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ እዚህ ውስጥ 3 የለም እኮ! ምኑን እናውጣ?» አለው። ልጁ ልክ ነበር። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ትእዛዝ «በ3 ፈንታ ኤክስን አስገቡ» የሚል ነውና።

ስህተቱ ከየት መጣ? ከአማርኛችን ነው። አንዲት እናት ከሚሴ ገበያ ወጥታ ጤፉ ቢወደድባት ማሽላ ገዝታ ትመለሳለች። እኛም «ጤፍን በማሽላ ተካች» እንላለን። ወጪው ቀድሞ፣ ገቢው ተከትሎ ይጠራል። «ሪፕሌስ» የሚለው ግሥ ከዚህ ጋር ይስማማል፦ «ሪፕሌስ ጤፍ ዊዝ ሶርገም»። «ሰብስቲትዩት» ግን ተቃራኒውን ይሻል፤ ገቢውን ያስቀድማል፦ «ሰብስቲትዩት ሶርገም ፎር ጤፍ»፤ በጤፍ ፈንታ ማሽላ ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት እንያዘው? አንደኛ፣ «ፎር»ን ስናይ «ፈንታ» እንበል፤ ሁለቱም በ«ፈ» ቤት ይጀምራሉ። ሁለተኛ፣ «ሪፕሌስ» ውስጥ «ፕሌስ» አለ፤ በአማርኛ ቦታ፣ በኦሮምኛ በካ ማለት ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ቦታውን የሚለቀውን እንጥራ። ሦስተኛ፣ ኳስ ሜዳን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሜክሲኮ ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ተጫዋች መቀየር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈቀድ፣ «ሰብስቲትዩት» የተባለው ከወንበር ተነስቶ የሚገባው ነው።

እርግጥ ዛሬ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችም «ሰብስቲትዩት»ን ከ«ዊዝ» ጋር ሲያጣምሩ ይሰማል፤ አንዳንድ መዝገበ ቃላትም ይህን መዝግበውታል። ይሁንና ለሰሌዳና ለፈተና የምንመክረው አንድ ነው፦ «ሰብስቲትዩት» ከ«ፎር» ጋር፣ «ሪፕሌስ» ከ«ዊዝ» ጋር።

ነገሩ የሰዋስው ጣጣ ብቻ አይደለም። በመድኃኒት መመሪያ ላይ ገቢና ወጪው ቢምታታ በሽተኛው የተከለከለውን ይውጣል። በዞናችን ደግሞ ብዙ ልጆች በኦሮምኛ ተምረው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ ይጋፈጣሉ። እኛ ያጣመምነውን እነሱ አጣመው ይዘው ያድጋሉ።

መለማመጃ፦ «አሮጌውን ባትሪ በአዲስ ተካነው» የሚለውን በሁለቱም ግሦች ጻፉና ለጓደኛችሁ አሳዩ። ጓደኛችሁ አሮጌውን ባትሪ ሬዲዮው ውስጥ ካገኘው፣ ጽሑፋችሁን ከላይ ጀምራችሁ እንደገና አንብቡ!