በራዲዮ የሚመሩ ጀልባዎችን የሞተር ታይሚንግ ስለ ማስተካከል፤ በተለይ በአዋሽ ሸለቆ ሙቀት

በራዲዮ የሚመራ ትንሽ ጀልባ መጫወቻ ብቻ አይደለም። የጥልቀት መለኪያ ቢጫንበት፣ ሰው አዞ ወዳለበት ውሃ ሳይገባ የአዋሽን ወንዝ ወይም ከሰመራ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘውን የተንዳሆን ግድብ ጥልቀት ለመለካት ያገለግላል። ነገር ግን ሞተሩ በመካከል ቢቃጠል ገብቶ የሚያወጣው አይገኝም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ በደኅና የሠራው ሞተር በአዋሽ ሰባት ኪሎ ወይም በሰመራ ለምን ሊቃጠል እንደሚችል በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እንሞክራለን።

በቀድሞው ዓይነት ሞተር ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው ጥቅል ሽቦ የሚገባው በካርቦን ብሩሽ ነው። ብሩሽ በሌለው ሞተር ግን ጥቅሎቹ ቆመው ማግኔቱ ይዞራል፤ ለየትኛው ጥቅል መቼ ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥ የሚወስነው ኮንትሮለር የሚባለው መሣሪያ ነው። ዳሩ ግን በጥቅሉ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ወዲያው አይሞላም፤ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ማግኔቱ ከቦታው ከመድረሱ በፊት አስቀድሞ መስጠት ያስፈልጋል። ታይሚንግ የሚባለው ይህ ቅድሚያ ነው፤ የሚለካውም በዲግሪ ነው። በቤንዚን ሞተር ፒስተኑ ከጫፍ ሳይደርስ ካንዴላው እሳት እንደሚሰጥ ማለት ነው።

ለምሳሌ አራት ዋልታ ያለው ሞተር በደቂቃ 30,000 ጊዜ ቢዞር፣ በሰከንድ 500 ዙር ይሆናል። ዋልታዎቹ ሁለት ጥንድ ስለሆኑ የኤሌክትሪኩ ዑደት በሰከንድ 1,000 ነው። አንዱ ዑደት 360 ዲግሪ ነውና፣ የ15 ዲግሪ ቅድሚያ ከአንድ ሰከንድ ሚሊዮን እጅ 42 ያህሉ ብቻ ነው።

ቅድሚያው ሲጨመር ፍጥነት ይጨምራል፤ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። ፕሮፔለር የሚጠይቀው ኀይል በግምት ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ ከመቶ 10 ቢጨምር ኀይሉ ከመቶ 33 ያህል ይጨምራል። መኪና ቁልቁለት ሲያገኝ ያርፋል፤ ጀልባ ግን ውሃውን ዘወትር ሲገፋ ይኖራል። ትርፉ ኤሌክትሪክም ወደ ሙቀት ይለወጣል።

እዚህ ላይ የቦታው ጠባይ ይገባል። ሞተሩ ከአካባቢው አየር በላይ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል እንበል። አየሩ 22 ዲግሪ በሆነበት በአዲስ አበባ 67 ይደርሳል፤ 42 ዲግሪ በሆነ የሰመራ ቀን ግን 87 ይሆናል። ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት የሚችለው እስከ 80 ገደማ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ኀይሉን ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል። የደከመ ማግኔት ያለው ሞተር ደግሞ ለዚያው ሥራ የበለጠ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ የበለጠ ይግላል። የመዳብ ሽቦም 20 ዲግሪ ሲሞቅ ተቃውሞው ከመቶ 8 ያህል ይጨምራል።

ስለዚህ የሚከተለውን ሥርዓት እናቀርባለን። መጀመሪያ ፕሮፔለሩ ይመረጥ፤ ታይሚንግ የማይስማማ ፕሮፔለርን አያርምም። ሁለት ወይም አራት ዋልታ ላለው ሞተር ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ባለው ይጀመር፤ ዋልታው የበዛ፣ ውጭው የሚዞር ሞተር ግን 20 እና ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ጀልባው አንድ ደቂቃ ከሄደ በኋላ የሞተሩና የኮንትሮለሩ ሙቀት ይለካ። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር፤ ፍጥነቱ እምብዛም ሳይጨምር ሙቀቱ ከወጣ ወደ ቀድሞው ይመለስ። ሞተሩ የሚንተባተብ ከሆነ ግን ቅድሚያው አንሶ ይሆናል። ልኬቱም በማለዳ ሳይሆን በቀትር ይደረግ። አዋሽ ደለል ስለሚሸከም ማቀዝቀዣውን ውሃ የሚያመጣው ቀጭን ቱቦ እንዳይደፈን ማጣሪያ ይደረግበት።

ይህ ዕውቀት ለጀልባ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ብሩሽ የሌለው ሞተር በየመንገዱ እየበዛ ነው። በባለሦስት እግሩ ተሽከርካሪ ታይሚንጉን ብዙውን ጊዜ ኮንትሮለሩ ራሱ ይወስነዋል፤ የሙቀቱ ሕግ ግን ያው ነው። ለደጋ የተስተካከለውን ሞተር ወደ ቆላ የሚያወርድ ሰው እንደገና ሳይለካ ሊተማመንበት አይገባም።