የዓይን ሞራ ከተነሣ በኋላ ያሉት ሳምንታት

የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ታካሚው በዚያው ዕለት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በማግስቱም ፋሻው ተነሥቶ ዓይኑ ይመረመራል። ከዚያ በኋላ ያሉት ከ4 እስከ 6 ሳምንታት የታካሚውና የአስታማሚው ኃላፊነት ናቸው።

በኢትዮጵያ በብዛት በሚሠራው የቀዶ ጥገና ዓይነት የዓይኑ ነጭ ክፍል ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ተከፍቶ የደፈረሰው ሌንስ ይወጣና ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ ስፌት አያስፈልገውም፤ የዓይኑ የውስጥ ግፊት ራሱ ገጥሞ ይይዘዋል። ዓይን ማሸት፣ ማጎንበስና ከባድ ዕቃ ማንሣት የሚከለከሉት ለዚህ ነው። ሙሉ ጄሪካን 20 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ውሃ መቅዳቱን ለጥቂት ሳምንታት ሌላ ሰው ሊረከበው ይገባል። ማታ ማታ ዓይኑ በመከለያ ይሸፈናል፤ የምድጃ ጢስና አቧራም ይራቅለታል።

ዓይኑን ውሃም ሊነካው አይገባም፤ ታካሚውን «ውሃ አይንካው፣ አታጎንብስ» ብሎ ማለፍ ግን አይበቃም። ብዙ ታካሚ ጸበልን ከውሃ አይቆጥረውም፤ ስግደትንም ከማጎንበስ አይደምረውም። ስለዚህ ጸበሉም፣ ስግደቱም፣ ሱጁዱም፣ የውዱእ ፊት መታጠቡም በስማቸው ተጠርተው ሊነገሩ ይገባል። ተቀምጦ መጸለይ እንደሚቻል የንስሐ አባት ወይም ኢማም ሲናገሩት ደግሞ ከሐኪም ቃል ይልቅ ይደመጣል።

ከሁሉም የሚያሳስበው ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚታዘዘው የዓይን ጠብታ ነው። አንዱ ተሕዋስያንን፣ ሌላው ብግነትን ይከላከላል፤ የብግነቱ ጠብታ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ይቆማል። ታካሚው በመጀመሪያው ሳምንት የልጆቹን ፊት ለይቶ ሲያይ «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል፤ ብግነቱም ያገረሻል። ይህንኑ ጠብታ ያለ ትእዛዝ ደጋግሞ ገዝቶ መጠቀምም የዓይን ግፊትን ሊያስነሣ ይችላል። አጨማመሩ ቀላል ነው፦ እጅ ይታጠባል፣ የታችኛው ሽፋን ዝቅ ይደረጋል፣ የብልቃጡ ጫፍ ዓይን ሳይነካ አንድ ጠብታ ይገባል፣ ከሁለተኛው ጠብታ በፊት 5 ደቂቃ ይጠበቃል። የአረጋውያን እጅ ስለሚንቀጠቀጥ አስታማሚው ከጤና ተቋሙ ሳይወጣ በባለሙያ ፊት አንድ ጊዜ ቢጨምር ከረጅም ማብራሪያ ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይን ማንባቱ፣ መቆርቆሩና ብርሃን መፍራቱ የተለመደ ነው። ሕመሙ ከበረታ፣ ቅላቱ ከጨመረ፣ ዓይናር ከበዛ ወይም ጠርቶ የነበረው ዕይታ ከደበዘዘ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። በዓይን ውስጥ የሚነሣ ኢንፌክሽን በጥቂት ቀናት ዓይንን ሊያጠፋ ስለሚችል ታካሚው በዚያው ዕለት መመለስ አለበት።

መነጽር የሚታዘዘው ቁስሉ ከደረቀ በኋላ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ሁለተኛው ዓይንም ሞራ ካለበት በዚሁ የመነጽር ምርመራ ተራው ሊያዝለት ይችላል።