የአገር ጉብኝት ንግድና የቦኖሻ ዕድል

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ቦኖሻ ሳለሁ ሁለት ፈረንጆች በመኪና መጥተው በቦዮ ሐይቅ ዳር ወፍ ሲመለከቱ ዋሉ። ውሃውን፣ ዳቦውን፣ ሙዙን ሳይቀር ይዘው የመጡ ነበሩና ሲመሽ ከከተማው ያንድ ሻይ ዋጋ እንኳ ሳያወጡ ወደ ሆሳዕና ተመለሱ። አንድ ወዳጄ «ስስታሞች ናቸው» አለ። እኔ ግን ስስታሞች ናቸው ለማለት አልደፈርሁም፤ የሚገዙትንስ ማን አቀረበላቸው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው አገር ለማየት ሲነሣ ከፍ ያለውን ወጪ የሚከፍለው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ነው፤ ለአውሮፕላን፣ ለመኪና ኪራይ፣ ለአስጎብኚ ድርጅት። ይህ ገንዘብ አዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ ይቀራል። ለባላገሩ የሚደርሰው በጉዞው ላይ በእጁ የሚያወጣው ብቻ ነው፤ የምሳ፣ የመኝታ፣ የመሪና የዕቃ ጫኝ ዋጋ ማለት ነው። እንግዲህ የጎብኝዎች ቁጥር በዛ ማለት የባላገሩ ገቢ በዛ ማለት አይደለም። ቁጥሩን ብቻ እየጠሩ ደስ የሚላቸው ሹማምንት ይህን ቢያስቡት መልካም ነበር።

ለመሆኑ ቦኖሻ የሚታይ ነገር አላትን? አላት። ቦዮ ረግረጉና ደንገሉ የበዛ፣ ጉማሬም ያለበት ሐይቅ ነው። ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ወፎች በበጋ ይሰፍሩበታል። ከሁሉ ይልቅ የወፍ ተመልካቾችን የሚስበው ግን ከአገጩ ሥር ሁለት ነጭ ሥጋ የተንጠለጠለበት፣ ሽመላ የሚመስለው ባለ ረጅም እግር ወፍ ነው። ይህ ወፍ በዓለም ላይ እየተመናመነ የሄደ ሲሆን፣ ከደቡባዊው አፍሪካ ዘመዶቹ ተለይቶ የሚኖረው ወገን የሚገኘው በኢትዮጵያ ነው። መንገዱም እንግዳ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ ወደ ሆሳዕና የሚመጣ ሰው እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የጢያን ትክል ድንጋይ አልፎ ነው። ወደ ከምባታ ቢሻገር ደግሞ ዱራሜ አጠገብ 777 ደረጃ የተሠራለት የሐምበርቾ ተራራ አለ። በመስከረም የመጣ እንደ ሆነ የሐዲያን ያሆዴ በዓል ያያል፤ አተካናም ይቀምሳል። (አተካናን በቆርቆሮ አሽጎ ይዞ የሚመጣ ፈረንጅ እስካሁን አላየሁም!)

ለአብነት የሚሆነን በወሎ የመቄት ወረዳ ሥራ ነው። እዚያ ገበሬዎች በገደሉ አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆ ሠሩ፤ እንግዳው ዕቃውን በአህያ አስጭኖ ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ ይጓዛል፤ ምግቡም መሪውም ከዚያው ነው፤ ገቢው ለማኅበሩ ይሆናል። ታላቅ ሆቴል አላስፈለገም። ሆኖም በ2012 ዓ. ም. የኮሮና በሽታ፣ በ2013 ዓ. ም. ደግሞ በሰሜን የተነሣው ጦርነት እንግዳውን አስቀረው። ስለዚህ የጉብኝት ንግድ ለእንሰቱና ለከብቱ ደጋፊ ይሁን እንጂ ምትክ አይሁን።

በቦኖሻ በትንሽ ገንዘብ የሚጀመረው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት መጀመሪያ መሪነት ነው። ሐዲይኛ የሚናገር፣ የወፎቹን ስም ያጠና፣ አንድ የሩቅ ማያ መነጽር ያለው ልጅ ከአዲስ አበባ ከሚመጣው አስጎብኚ ይበልጣል። ቀጥሎ ንጹሕ ምግብና ንጹሕ መጸዳጃ ያለው ቤት ነው፤ ስለ መጸዳጃው ማንም መጻፍ ባይወድም እንግዳውን የሚያሳድረው እርሱ ነው። ጀልባና ሎጅ ይቆይልን።

ከባዱ ነገር ግን ሌላ ነው። የረግረጉ ዳር ለከብት ግጦሽና ለእርሻ ይፈለጋል፤ ማሳ የጠበበበትን ገበሬ ስለ ወፍ ብለህ አትረስ ማለት አይቻልም። እርሻው ከገፋ ግን ወፉ ይሄዳል፤ ወፉ ከሄደ መሪውም ምግብ ቤቱም ይዘጋል። ሩዋንዳ ከጎሪላ ጉብኝት ገቢዋ 10 ከመቶውን በፓርኮቿ ዙሪያ ላሉ መንደሮች የምታካፍለው ይህ ገብቷት ነው። በቦዮም ከእያንዳንዱ መግቢያ ላይ ድርሻው ለዳር ገበሬው እንዲሆን አስቀድሞ መዋዋል ያስፈልጋል፤ ውሉን የሚጽፈው ደግሞ የሕግ ተማሪ ነው። ከመካከላችን የሻሾጎ ልጆች የሆናችሁ በሚመጣው ዕረፍት ከሽማግሌዎቹ ጋር ብትነጋገሩበትስ? የበጋው ወፎች እስኪሰፍሩ ገና ጊዜ አለ።