ያረጀ የጀልባ ሞተር ሲለግም ፍተሻው ከየት ይጀምራል?

በጣና ሐይቅ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ ብዙ ጀልባዎች የሚሄዱት ከኋላ በሚታሰር የቤንዚን ሞተር ነው። ሞተሩ ሲያረጅ አንዴ ይጎትታል፣ አንዴ ይታነቃል፣ ሲብስበትም መሃል ሐይቅ ላይ ይጠፋል። ያኔ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ካርቡራተሩን ለመፍታት ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ መፍቻ በማይፈልግ ቦታ ይገኛል። ስለዚህ ወጪ ከሌለው ጀምሩ፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ንኩ። ሁለት ነገር አብሮ ከተቀየረ ሞተሩን ያዳነው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ቤንዚን ይደርሳል?

መጀመሪያ የታንኩን ክዳን እዩ። የአየር ማስገቢያዋ ብሎን ተዘግታ ከሆነ በወጣው ቤንዚን ምትክ አየር አይገባም፤ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ በደህና ሄዶ ይጠፋል። መፍትሔው ብሎኗን ማላላት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ቱቦው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ጨምቁ። አልጠነክር ካለች ቱቦው አየር ያስገባል ወይም የፖምፓዋ ቫልቭ አልቋል። ሞተሩ እየሠራ ከተጣበቀች በታንኩ በኩል የተዘጋ ነገር አለ። ሞተሩ ሲደክም እሷን በመጨመቅ ብቻ ነፍስ የሚዘራ ከሆነ ደግሞ የደከመው የሞተሩ የራሱ የቤንዚን ፖምፓ ነው።

ጥቂት ቤንዚን በጠራ ጠርሙስ ቀድታችሁ አስቀምጡ፤ ውኃ ካለበት ከሥር ይተኛል። ዘይት ከቤንዚን ጋር በሚቀላቀልበት ባለ ሁለት ምት ሞተር ልኩን ጠብቁ። ለብዙዎቹ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው፤ የሞተሩ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ።

እሳቱስ?

ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ ቀለማቸውን ተመልከቱ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ጤና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል ወይም እሳት የለም፤ ከነጣ ቤንዚን አንሶ ሞተሩ እየጋለ ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደር ከሆነ ካንዴላዎቹን አቀያይሯቸው። ችግሩ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላውን ለውጡ፤ እዚያው ከቀረ ገመዱንና ቦቢናውን መርምሩ።

ካርቡራተር ከመፈታቱ በፊት

ኮምፕሬሽኑን በጌጅ አስለኩ። በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ ካለፈ ፋሻው ወይም ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል፤ ካርቡራተር ማጠብ አይፈውሰውም። ኮምፕሬሽኑ ደህና ሆኖ ሞተሩ በፍጥነት እየሄደ ሚኒሞ ካልያዘ፣ ወይም ቾክ ሲሳብለት ብቻ የሚሻለው ከሆነ፣ ያን ጊዜ የካርቡራተሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች መደፈናቸው አይቀርም። በማጠቢያ ፈሳሽና በአየር ግፊት ይጸዱ፤ ሽቦ ግን ቀዳዳውን ያሰፋዋልና አታስገቡ።

እንቦጭና ከፍታ

ከሞተሩ ጎን የሚፈናጠቀው ቀጭን ውኃ የማቀዝቀዣው ምስክር ነው። ከቀነሰ ሞተሩን አጥፉ፤ እንቦጭ ወይም ሌላ አረም የውኃ መግቢያውን ደፍኖት፣ አለዚያም የውኃ ፖምፓው ጎማ ተበልቶ ይሆናል። ይህ ጎማ ያለ ውኃ ሲሽከረከር ቶሎ ስለሚበላሽ ሞተሩን በደረቅ አታስነሱ። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው ካልተራመደ ፕሮፔለሩ ላይ አረም ተጠምጥሟል ወይም የመሃል ጎማው ይንሸራተታል።

ሁሉም ደህና ሆኖ ሞተሩ ድሮም ጉልበት ያነሰው ከነበረ ምክንያቱ ቦታው ሊሆን ይችላል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በስስ አየር ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ሞተር ከጉልበቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህሉን ያጣል፤ የሚገባው ቤንዚን ለአየሩ ስለሚበዛም ካንዴላዎቹ እኩል ይጠቁራሉ። እንዲህ ያለው ሞተር የሚፈልገው ጥገና ሳይሆን በካርቡራተሩ ጠበብ ያለ የቤንዚን ቀዳዳና የክንፎቹ ዘመም ያነሰ ፕሮፔለር ነው።