ምን ልግዛለት?

ልጁ ግድግዳ ይዞ መቆም ሲጀምር ወላጅ ሁሉ እኔ ጋ ይዞ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «እትዬ፣ አእምሮውን የሚያዳብርለት ምን ልግዛለት?» የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማቆያ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያሉት የሚውሉበት ክፍል የእኔ ነው፤ ገና ዳዴ ከሚለው አንሥቶ በሩን ከፍቶ ወደ ግቢ እስከሚያመልጠው ድረስ። ስለ መጫወቻ የማውቀውን ግማሹን ከሥልጠናና ከንባብ፣ ግማሹን ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስመለከት አገኘሁት። ሁለቱ ሲጣሉብኝ ለምንጣፉ አደላለሁ።

አንዳንዱ መርካቶ ወርዶ ይገዛል፣ አንዳንዱ ቦሌ ካሉት ሱቆች፣ አንዳንዱ ደግሞ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለች እህቱን «ስትመጪ ያዢለት» ይላታል። ዕቃው ግን ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ ቻይና የተሠራ፣ ባትሪ የሚበላ፣ ሲጫኑት የሚዘፍን፣ ካርቶኑ ላይ «ያስተምራል» ተብሎ በትልቁ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት። ያ ጽሑፍ የተጻፈው ለወላጅ ነው። ልጁማ ካርቶኑን የሚፈልገው ሊገባበት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ስለ መጫወቻ ምርጫ ባወጣው ሪፖርት፣ እንዲህ ያለው የአምራቾች ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ በጥናት የተደገፈ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2009 ዲዝኒ «ቤቢ አንስታይን» የተባሉትን የሕፃናት ቪዲዮዎች ለገዙ ወላጆች ገንዘባቸውን እመልሳለሁ እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ስሙን ያየ ወላጅ ምን ተስፋ አድርጎ እንደገዛው መገመት አያቅትም።

እኔ መጫወቻን የምለካው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? ዕቃው ከዘፈነ፣ ካበራ፣ ከተሽከረከረና ራሱ ከተናገረ ለልጁ የቀረለት ሥራ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። አንዴ ይጫናል፣ ሁለቴ ይጫናል፣ ከዚያ ጥሎት ወደ ድስት ክዳን ይሄዳል። እናቱ ትናደዳለች፤ «ይህን ያህል ብር አውጥቼ!» ትላለች። ልጁ ግን ልክ ነው። ክዳኑ ሲወድቅ ይጮኻል፣ ሲገለበጥ ይወዛወዛል፣ ሲገፋ ይሽከረከራል፣ ድስቱ ላይ አንዳንዴ ይገጥማል አንዳንዴ አይገጥምም። ያን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ እሱ ነው።

የሚናገር መጫወቻ ሌላም ጣጣ አለው፤ አዋቂውን ዝም ያሰኛል። ይህን ክፍሌ ውስጥ ሁልጊዜ አየዋለሁ። የፕላስቲኳ ላም እምቧ ስትል እኛ ሞግዚቶቹ አፋችንን ዘግተን እናያታለን። የእንጨቷን ላም ስናነሣ ግን አንዳችን እምቧ ማለት አለብን፤ ከዚያ «ላሟ የት ሄደች? ሣር ልትበላ ነው? ወተት ትሰጠን ይሆን?» እያልን ወሬው ይቀጥላል። አሜሪካ ውስጥ የሰሜን አሪዞና ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ አና ሶሳ ይህንኑ ቆጥራዋለች። ከ10 እስከ 16 ወር የሆናቸው ሕፃናት ካሏቸው 26 ወላጆች ቤት ባደረገችው ጥናት፣ ወላጆቹ በባትሪ ከሚሠሩ መጫወቻዎች ጋር ሲጫወቱ በደቂቃ ወደ 40 ቃላት ተናገሩ። እንደ ኩብና ቅርጽ ማስገቢያ ባሉ ተራ መጫወቻዎች ቁጥሩ ወደ 56 ከፍ አለ፤ መጽሐፍ ሲያሳዩ ደግሞ ወደ 67። በባትሪው ጊዜ ሕፃናቱም ያወጡት ድምፅ ከመጽሐፉ ጊዜ ያነሰ ነበር። አፍ የሚፈታ ልጅ የሚማረው ከሚመልስለት ሰው ነው፤ ላሟ ደግሞ አትመልስም፣ ልጁ ምንም ቢላት ያንኑ ትደግማለች።

እዚህ ላይ የፊደሉን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ገና ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው «ኤ ፎር አፕል» የሚል ልጅ ያላቸው አባቶች በሩ ላይ ቆመው ያስደምጡኛል። ደስታቸውን አልነጥቅም፤ አጨበጭባለሁ። የአማርኛውን ሰሌዳ ገዝተው ግድግዳ ላይ የሚለጥፉም አሉ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ይህን ሁሉ ምልክት ገና «ውሃ» እና «እንቢ» ለሚል ልጅ መደርደር ምን ያስቸኩላል? ፊደል ሊጽፍ የሚችለው መጀመሪያ ጣቱ ሲታዘዘው ነው። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በጥር 1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንሶ በሚባል የድሆች ሰፈር የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤቷን ስትከፍት በዚህ በኩል ብልህ ነበረች። ከሠራቻቸው ዕቃዎች አንዱ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው እንጨት ነው። በየቀዳዳው የሚገቡ ድቡልቡል እንጨቶች አሉት፤ በእያንዳንዱ አናት ላይ ትንሽ እጀታ አለች። ልጁ እጀታዋን በአውራ ጣቱና በሁለት ጣቶቹ ይዞ ያነሣል፤ እርሳስ የሚያዘውም እንዲሁ ነው። የወፈረው በቀጭኑ ቀዳዳ አይገባም። «ተሳስተሃል» የሚል ሰው አያስፈልግም፤ እንጨቱ ራሱ እንቢ ይለዋል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ተራው የእንጨት ኩብ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንክንቡርግ ላይ በኋላ «ኪንደርጋርተን» ብሎ የሰየመውን ሥራ ሲጀምር ለሕፃናቱ የሰጣቸው ኳስ፣ ድቡልቡልና ኩብ ነበር። እስከ ዛሬ የተሻለ ነገር አልተገኘም ብል አላጋነንኩም። እኛ ማቆያ ያሉትን የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጺ ከዋንዛ ቁራጭ ቆርጦልን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ነው ያመጣልን፤ ቀለም የለው፣ ቫርኒሽ የለው። ዓመት የሞላው ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው ያፈርሳል። እኔ እደረድራለሁ፣ እሱ በጥፊ ይላል፣ ይስቃል፣ «ድገሚ» ይለኛል በዓይኑ። ብዙ ወላጅ ይህን ጥፋት ይለዋል። እኔ ትምህርት እለዋለሁ፤ «እኔ ስነካው ይወድቃል» የሚለውን በእጁ እያረጋገጠ ነው። ቆየት ብሎ ሁለቱን ይደራርባል፤ ዓመት ከመንፈቅ አካባቢ ሦስት አራት፤ ሁለት ዓመት ላይ አብዛኛው ስድስት ያህል ያቆማል። ከዚያ ኩቡ ሌላ ነገር መሆን ይጀምራል፤ መኪና፣ ዳቦ፣ ስልክ። ከተገዙት መጫወቻዎች ውስጥ ዕድሜው ሲጨምር አብሮት የሚያድግ እንዲህ ያለ ብዙ አላውቅም።

ሳይገዛ የሚገኝም ሞልቷል። ክዳን ያለው ሙዳይ ስጡትና ተመልከቱ፤ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ የተደበቀውን አውጥቶ መልሶ ይከታል፣ ሰልችቶት አታገኙትም። የፕላስቲክ ጆግ፣ ሁለት ኩባያና ትንሽ ውሃ ግቢ ውስጥ ግማሽ ጠዋት ያስኬዳሉ፤ ልብስ ይረጥባል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም (ባልዲ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ግን ይደፋ፤ ለዚህ ዕድሜ ልጅ ጥልቅ ባይሆንም ያሰምጣል)። ወደ ሁለት ዓመት ሲጠጋ ደግሞ ዕቃ ዕቃው ይመጣል። በባዶ ሲኒ ቡና ይቀዳል፣ አሻንጉሊቷን ያጠጣል፣ «ትኩስ ነው» ብሎ እፍ ይልላታል። የሌለውን እንዳለ አድርጎ ማሰብ ትልቅ ነገር ነው። አንድ አባት ልጁ አሻንጉሊት አዝሎ ቢያገኘው «ወንድ ልጅ አይደል እንዴ?» ብሎ ቅር አለው። «ታዲያ አንተ አላዘልከውም?» አልኩት። ሳቀና ሄደ።

ብዛት ሌላው ችግር ነው። ልደት ሲደርስ ቤቱ ይሞላል፤ ልጁ ሁሉንም ያነሣል፣ ሁሉንም ይጥላል። አሜሪካ ውስጥ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ 36 ድክ ድክ የሚሉ ሕፃናት አንዴ 4፣ አንዴ 16 መጫወቻ ቀርቦላቸው ታይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ውጤት ክፍሌ ውስጥ ካየሁት አይለይም፤ ጥቂት ሲቀርብላቸው በእያንዳንዱ ረዘም አድርገው፣ በተለያየ ዘዴም ይጫወታሉ። ስለዚህ ግማሹን በፌስታል አስራችሁ ቁም ሣጥን ላይ ስቀሉት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲወርድ እንደ አዲስ ይቀበለዋል።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ። ካርቶኑ ላይ የሕፃን ፊት ተስሎ፣ አጠገቡ 0–3 ተጽፎ በቀይ የተሰረዘበት ምልክት ካለ ዕቃው ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። ብዙ ወላጅ ይህን የጉብዝና ደረጃ አድርጎ ያነበዋል፤ «የኔ ልጅ ፈጣን ነው፣ ይችለዋል» ይለኛል። ምልክቱ የሚያወራው ስለ ጉሮሮው ነው። የአሜሪካው የደኅንነት መለኪያ ስፋቱ 3.17 ሴንቲ ሜትር የሆነ አጭር ቱቦ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚገባበት ቁራጭ ለእነዚህ ልጆች መጫወቻ አይፈቀድም። ቤት ውስጥ የሶፍት ጥቅል ውስጥ ያለውን ካርቶን ተጠቀሙ፤ ከዚያ ትንሽ ስለሚሰፋ ይበልጥ ጥንቁቅ ያደርጋል። ብይ፣ ቆርኪ፣ ዶቃ፣ የመኪናው የምትነቀል ጎማ ሁሉ ያልፋሉ። ቆሎና ኦቾሎኒም መጫወቻ ባይሆኑም ከዚሁ ይቆጠራሉ።

ከሁሉ የከፋችው ግን ክቧ የሰዓት ባትሪ ናት። ጉሮሮ ውስጥ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን አቃጥላ ልትበሳ ትችላለች። ልጁ እንደዋጣት ከተጠረጠረ እስኪወጣ መጠበቅ፣ ማስመለስም የለም፤ በቀጥታ ሆስፒታል። ስትገዙ የባትሪውን ቤት ገልብጣችሁ እዩት፤ በቪቴ ታስሮ በካቻቢቴ ካልሆነ የማይከፈት መሆን አለበት። በጥፍር ከተከፈተላችሁ ለልጁም ይከፈትለታል። ማግኔት ያለበትንም ተዉት፤ ሁለት ከተዋጡ አንጀት ውስጥ ተፈላልገው ይጣበቃሉ፣ መሐል የገባውን ይበሳሉ። የቀለሙ ነገር ደግሞ በዓይን አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2007 ማቴልን የሚያህል ኩባንያ ቀለማቸው ውስጥ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ስለተገኘ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጫወቻዎችን ከገበያ ሰብስቧል። የእኛ አናጺ ቀለም እንዳይቀባ የለመንነውም ለዚሁ ነው።

ስለ ስልክ በየቀኑ ስለምጠየቅ አጭር መልስ አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ አንድ ዓመት ለሆናቸው ልጆች ስክሪን አይመከርም፤ ከሁለት ዓመት ጀምሮ በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ፣ ቢያንስ ይሻላል ይላል። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም እኔም እወደዋለሁ፤ ግን የተሠራው ከፍ ላሉት ነው፣ ትንሽ ይጠብቅ።

ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ምን ይያዝ ለምትሉኝ፦ ዱፕሎ። ሌጎ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው ትልቁ ዓይነት ነው፤ ከተራው ሌጎ በቁመትም በወርድም በርዝመትም እጥፍ ስለሆነ ለመዋጥ አይመችም፤ ዓመት ከመንፈቅ ለሞላው ይሆናል። የሌላ ልጅ አሮጌ ቢሆንም ታጥቦ አዲስ ነው። ገጹ ወፍራም ካርቶን የሆነ የሥዕል መጽሐፍም ጥሩ ነው፤ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ቢሆንም ሥዕሉን በአማርኛ ማውራት ይቻላል። የሚዘፍነው ላፕቶፕ አስቀድሞ ከደረሰም አትጣሉት። ባትሪውን አውጥታችሁ ስጡት፤ ቁልፉን እየነካ ዘፈኑን ራሱ ይዘፍነዋል። አክስቲቱ በቪዲዮ ስትደውል ብቻ መልሳችሁ ክተቱበት፤ ቅር እንዳትሰኝ።