ሂናን መግረዝ

ሂና (ሳይንሳዊ ስሙ፦ ላውሶኒያ ኢነርሚስ) ቅጠሉ እጅን፣ እግርንና ጸጉርን ለማቅለም የሚውል የሞቃት አገር ተክል ነው። ሂናን መግረዝ ማለት የደረቁ፣ የታመሙና እርስ በርስ የተጠላለፉ ቅርንጫፎችን መርጦ መቁረጥ ነው። ሙሉውን ተክል ከመሬት አጠገብ ቆርጦ እንደ አዲስ እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ ደግሞ ጉንደላ ይባላል፤ ያረጀ ቡናን ለማደስም ይሠራበታል። ሂና ሁለቱንም ይችላል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ተክሉ የተፈለገበት ጥቅም ነው፤ ለቅጠል፣ ለአበባ፣ ለአጥርና ለጥላ የሚያድግ ሂና አቆራረጡ ይለያያል።

የተክሉ ጠባይ

ሂና ከሮማን ጋር በአንድ ቤተሰብ (ሊትራሴኤ) ይመደባል። ካልተነካ ከግርጌው ብዙ ግንድ እያወጣ ከ2 እስከ 6 ሜትር ያድጋል። ለገረዛ የሚጠቅሙት ሦስት ጠባዮቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። ስለዚህ ቅርንጫፍ ከአንድ የቅጠል ጥንድ በላይ ሲቆረጥ ከአንጓው ብዙ ጊዜ ሁለት አዳዲስ ቀንበጦች ይወጣሉ። ተክሉን የሚያደነድነው ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ትንንሽና መዓዛማ የሆኑት አበቦቹ የሚወጡት በቀንበጦች ጫፍ ላይ ነው። ጫፉ በየጊዜው የሚቆረጥ ሂና ቅጠሉ ይበዛል፣ አበባው ግን ያንሳል።

ሦስተኛ፣ እሾህ ያወጣል። ካርል ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ለተክሉ የሰጠው «ኢነርሚስ» የሚለው የላቲን ቃል «ትጥቅ የሌለው» ማለት ሲሆን፣ ይህ ለወጣት ተክል እውነት ነው። ዕድሜ ሲጨምር ግን አጫጭር ቅርንጫፎች ጫፋቸው እየሾለ ይደነድናል። የቆየ ሂና የሚቆርጥ ሰው ወፍራም ጓንት ያስፈልገዋል።

በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ለተመሳሳይ ጌጥ የሚያገለግለው እንሶስላ ሌላ ተክል ነው። የእንሶስላ ቀለም ያለው በሥሩ ውስጥ ስለሆነ ተቆፍሮ ይወጣል። የሂና ቀለም፣ ማለትም ላውሶን የተባለው ንጥረ ነገር፣ የሚገኘው በቅጠሉ ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት ሥሩ ሳይነካ አንዱን ተክል ለብዙ ዓመታት መቁረጥ ይቻላል።

የመግረዣ ጊዜ

ሂና ሙቀት ይወዳል፤ ብርድ ግን ይጎዳዋል። ከባድ ገረዛ የሚሠራው ተክሉ ማቆጥቆጥ ሊጀምር ሲል፣ ሙቀትና እርጥበት ከፊቱ እያለ ነው። ብርድ ሊገባ ሲል ቢቆረጥ አዲሱ ለጋ ቀንበጥ ሳይጠነክር ይመታል። ብርዳማ በሆኑ አገሮች በማሰሮ ተተክሎ ክረምቱን ቤት ውስጥ የሚያሳልፍ ሂናም በጸደይ መግቢያ ላይ ይገረዛል። ለአበባው የሚፈለግ ከሆነ አበባው እስኪረግፍ ይጠበቃል። የደረቀና የታመመ ቅርንጫፍ ግን በማንኛውም ጊዜ ይቆረጣል።

ቅጠሉ የረገፈ ቅርንጫፍ ሁሉ የሞተ አይደለም። ለመለየት ቅርፊቱ በጥፍር በትንሹ ይፋቃል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ሕያው ነው፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ እስከ አረንጓዴው ድረስ ይቆረጣል።

ቅርጽ ማስያዝ

ሥራው የሚጀመረው ስለቱን በአልኮል በማጽዳት ነው፤ በሽታ ከተክል ወደ ተክል የሚሸጋገርበት አንዱ መንገድ ያልጸዳ መቀስ ነው። ከዚያ የደረቀው፣ የተሰበረውና ወደ ውስጥ ያደገው ቅርንጫፍ ይወጣል። ይህ ብርሃንና አየር ወደ መሐል እንዲገባ ያደርጋል። ደካማ ተክል ላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አለመቁረጥ ይመረጣል።

ለቁጥቋጦ ወይም ለአጥር፣ የችግኙ ጫፍ ገና በልጅነቱ ይቀነጠባል። የወጡት ቀንበጦችም ሲረዝሙ እንደገና ይቀነጠባሉ። አጥሩ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ብሎ ቢስተካከል የታችኛው ቅጠል ብርሃን ስለሚያገኝ አይራቆትም።

ለዛፍ ቅርጽ፣ አንድ ቀጥ ያለ ግንድ ተመርጦ ሌሎቹ ከግርጌ ይወገዳሉ። የታችኞቹ የጎን ቅርንጫፎች በአንድ ጊዜ ሳይሆን ግንዱ እየወፈረ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይቆረጣሉ። ተክሉ በተፈጥሮው ብዙ ግንድ ስለሚያወጣ፣ ከግርጌ የሚወጡትን ቀንበጦች በየጊዜው ማንሳት የማይቀር ሥራ ነው።

የቅጠል ማሳ፦ የሶጃት ምሳሌ

በሕንድ ራጃስታን ግዛት፣ በፓሊ አውራጃ የምትገኘው ሶጃት በሂና እርሻዋ ትታወቃለች። ሂና በዚያ ሜህንዲ ይባላል፤ «የሶጃት ሜህንዲ» የሚለው ስምም በ2021 እ.ኤ.አ. የመልክዓ ምድር መለያ ሆኖ ተመዝግቧል። አካባቢው ደረቅ ስለሆነ ገበሬው የሚተማመነው በበጋው የሞንሱን ዝናብ ነው። በዚያ ገረዛና አዝመራ አንድ ሥራ ናቸው፤ ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ፣ ተክሉ በማጭድ ከመሬት ጥቂት ከፍ ተደርጎ ይቆረጣል። ቅርንጫፎቹ ከደረቁ በኋላ ተመትተው ቅጠሉ ይለያል። የቀረው ጉቶ በሚቀጥለው ወቅት እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በደንብ የተያዘ ማሳም ከ20 ዓመት በላይ ምርት ይሰጣል።

ስለዚህ አንድ የተሳሳተ አቆራረጥ የሚያስከፍለው የአንድ ዓመት ቅጠል ብቻ አይደለም። ጉቶው ከተሰነጠቀ ወይም ከመሬት ከተነቀለ ተክሉ ላይተካ ይችላል፤ ባዶውን ቦታ የሚሞላው አዲስ ችግኝም ምርት እስኪሰጥ ጊዜ ይወስዳል። በተመሳሳይ ምክንያት ሥሩ ገና ያልጠነከረ የመጀመሪያ ዓመት ችግኝ አይጎነደልም። የተቆረጠው ቅጠል ሳይደርቅ ዝናብ ካገኘውም መልኩ ይጠቁራል፣ ዋጋውም ይወርዳል።

ከገረዛ በኋላ

ቅጠል የሌለው ጉቶ የሚጠጣው ውኃ ጥቂት ነው። አፈሩ ሁልጊዜ ከረጠበ ሥሩ ሊበሰብስ ስለሚችል፣ ውኃ የሚጨመረው አፈሩ ሲደርቅ ነው። ፍግ ወይም ኮምፖስት የሚሰጠው ቀንበጥ መታየት ሲጀምር ነው።

የተገረዘው አይጣልም። ጤናማ ቅጠሉ በጥላ ሥር ደርቆ ይፈጫል። የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ቅርንጫፎችም በእርጥብ አሸዋማ አፈር ውስጥ ተተክለው ሥር ስለሚያወጡ አዲስ ችግኝ ይሆናሉ።